አባቴ የመረቡ ዓይን አልታየው አለ፤ ሰውነት ለምንድን ነው የሚያረጀው?

የጣና_ልጅ፣ ቅዳሜ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። የሚሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በኩል ባለው የሐይቁ ዳር ነው። 58 ዓመቱ ነው። ዛሬ ከሰዓት መረብ ሲጠግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። እንቦጩ ቀዶበታል። ድሮ እያወራ፣ ሳያየው ነበር የሚቋጥረው። ዛሬ መረቡን እጁ እስከሚደርስበት አራቀው። መልሶ አቀረበው። ወደ ብርሃኑ ዞረ። በመጨረሻ ምንም ሳይል መረቡን ለእኔ ሰጠኝና ሐይቁን ማየት ጀመረ። እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩት። ሆዴ ግን ተላወሰ።

ሌላ ያስተዋልኩት ነገር አለ። አንገቱ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ክረምት ያጣ መሬት ተሰነጣጥቋል። ሸሚዙን ሲቀይር ያየሁት ጀርባው ግን ለስላሳ ነው፣ የወጣት ጀርባ ነው የሚመስለው። ሁለቱም እኮ 58 ዓመታቸው ነው። አንድ ሰው ላይ ሁለት ዓይነት ዕድሜ እንዴት ይኖራል?

ደግሞ ውሻችን አለ። 12 ዓመቱ ነው። ትልቅ ውሻ ነው። አሁን ለመነሳት ያቃስታል። ሰው በ12 ዓመቱ ገና ኳስ ይራገጣል። ሥጋው ያው ሥጋ፣ ደሙም ያው ደም ነው። ለአንዱ 12፣ ለሌላው 80 ብሎ የቆረጠው ምንድን ነው? የፈጣሪ ሥራ ነው ለምትሉኝ፣ እኔም አምናለሁ። የምጠይቀው እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሰውነት እንደ መኪና አገልግሎ ነው የሚያልቀው ወይስ ውስጡ የሚቆጥር ነገር አለ?


ባዮሎጂ_መምህር፣ ቅዳሜ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ ይሄን ጥያቄ ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል፣ አንተ ግን ከመረቡ ጀምረህ መጣህበት። የምችለውን ልሞክር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከአባትህ ዓይን ልጀምር። ዓይናችን ውስጥ ሌንስ አለ። ቅርብ ስናይ ይጎብጣል፣ ሩቅ ስናይ ይሳሳል። የሌንሱ መሃል የተሠራባቸው ፕሮቲኖች አባትህ ሳይወለድ፣ አያትህ ማህፀን ውስጥ እያለ የተሠሩ ናቸው። እስከ ዛሬ አልተተኩም። እዚያ ያሉት ህዋሶች ብርሃን እንዲያሳልፉ ሲሉ የውስጥ ዕቃቸውን ሁሉ ጥለዋል፣ የሥራ መመሪያቸው የሚቀመጥበትን ኒውክለሳቸውን ሳይቀር። ስለዚህ አዲስ ፕሮቲን ሊሠሩ አይችሉም። 58 ዓመት ሙሉ ያው የመጀመሪያው ዕቃ ነው። እየጠጠረ ይሄዳል፣ ከ40 በኋላ አልጎብጥም ይላል። እጅ ዘርግቶ ማንበብ የሚመጣው ያኔ ነው።

የቀረው ሰውነት ግን እንዲህ አይደለም። ቀይ የደም ህዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይተካል። የአንጀት ሽፋን በጥቂት ቀን ይታደሳል። መኪና ራሱን አይጠግንም፣ አካል ይጠግናል። እርጅና ማለት በእኔ አረዳድ ጥገናው ከጉዳቱ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። አባትህ መረቡን በየማታው ቢጠግን መረቡ ዓመት ከዓመት ይሠራል። አንድ ማታ አሥር ቀዳዳ ተከፍቶ ዘጠኙን ብቻ ከቋጠረስ? ለጊዜው ማንም አያስተውልም። ከዓመት በኋላ ዓሣው ሁሉ ያመልጣል።

የሚቆጥር ነገር አለ ወይ ላልከው፣ አንድ አለ። ከ1960ዎቹ በፊት ሳይንቲስቶች ህዋስ ከሰውነት ወጥቶ በብልቃጥ ቢመገብ ለዘላለም ይራባል ብለው ያምኑ ነበር። አሌክሲስ ካሬል የሚባል የኖቤል ተሸላሚ ሐኪም የዶሮ ልብ ህዋስ ለአሥርተ ዓመታት አኖርኩ ብሎ ነበር፣ ማንም ሊደግመው ግን አልቻለም። በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የሰው ህዋስ 50 ጊዜ አካባቢ ተከፍሎ እንደሚቆም አሳዩ። አይሞትም። ይቆማል። ህዋሶቹን አቀዝቅዘው አቆይተው ሲያነቋቸው ካቆሙበት ቁጥር ነው የሚቀጥሉት።

ቆጣሪው ቴሎሜር ይባላል። የህዋሱ መመሪያ በፊደል የተጻፈበት ዲኤንኤ የሚባል ክር አለ፣ እሱ ጫፍ ላይ ያለ መዝጊያ ነው። ስድስት ፊደሎች በሺዎች ጊዜ ተደጋግመው የተጻፉበት ነው። ህዋሱ በተከፈለ ቁጥር ጫፉ ትንሽ ያጥራል። ይሄን ያገኙት እነ ኤልዛቤት ብላክበርን ኩሬ ውስጥ በሚኖር አንድ ህዋስ ባለው ፍጥረት ላይ ነው፣ ቴትራሃይሜና ይባላል። ያንን ጫፍ መልሶ የሚያስረዝም ኢንዛይምም አገኙ፣ ቴሎሜሬዝ። በ2009 ብላክበርን፣ ካሮል ግሬደርና ጃክ ሾስታክ ኖቤል ተሸለሙበት።


የጣና_ልጅ፣ ቅዳሜ ማታ 3:22

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ያንን ኢንዛይም ሰው ውስጥ ቢጨምሩትስ? ጫፉ ረዘመ ማለት ዕድሜ ረዘመ ማለት አይደለም?


ባዮሎጂ_መምህር፣ ቅዳሜ ማታ 3:40

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የአይጥ ቴሎሜር ከሰው ይረዝማል። አይጥ ግን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው የምትኖረው። ስለዚህ ይሄ ቆጣሪ ብቻውን ዕድሜን አይወስንም።

አደጋም አለው። ገደብ ያጣ ህዋስ ካንሰር ነው። ከአሥር ካንሰር ስምንት ዘጠኙ ቴሎሜሬዝን ቀስቅሶ ነው የሚሠራው። እንቦጭን አስበው። እንቦጭ ከእርጅና ጋር ችግር የለበትም፣ ዝም ብሎ ይራባል። ችግሩ የሐይቁ ነው። ሰውነታችን የህዋሱን መከፈል የሚገድበው እንዲህ ያለ ነገር ውስጡ እንዳይነሳ ነው። ገደቡ በወጣትነት ያድናል፣ በሽምግልና ያስከፍላል። ጆርጅ ዊሊያምስ በ1957 ይሄን ሐሳብ ጽፎታል፦ በልጅነት የሚጠቅም ነገር በኋላ ቢጎዳም ተፈጥሮ ትመርጠዋለች። ልጅ ተወልዶ አልቋልና።


ንብ_አናቢ_ከመራዊ፣ ቅዳሜ ማታ 4:15

ልጆች፣ እኔ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፣ ንብ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዣለሁ። ስለ ዘር ስታወሩ አንድ ነገር ልጨምር።

አውራዋን እናውቃታለን። የድሮ ሰዎች ወንድ መስላቸው አውራ አሏት እንጂ እንስት ናት፣ የቀፎው እናት። እሷ ሁለት ሦስት ዓመት ትኖራለች፣ አምስት የደረሱም አሉ። ሠራተኛዋ ንብ ደግሞ አበባ በሞላበት ወቅት፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ስድስት ሳምንት ብትቆይ ነው። ክንፏ ተቀዳዶ ቀፎው ደጃፍ ላይ ወድቃ አገኛታለሁ። ሁለቱም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። እንቁላላቸው አንድ ነው። እኔ ራሴ ቀፎ ስከፍል አይቻለሁ፣ አውራ ከሞተች ንቦቹ ለሠራተኝነት ከተጣለ እንቁላል አዲስ አውራ ያሳድጋሉ። ክፍሏን ያሰፉላታል፣ ያንን ነጭ ወተት መሳይ ምግብ እስከ መጨረሻው ያበሏታል። ሌሎቹ ሦስት ቀን ቀምሰው ወደ ማርና ወደ አበባ ዱቄት ይዛወራሉ። በቃ ልዩነቱ ይሄ ነው። መምህር፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?


ባዮሎጂ_መምህር፣ ቅዳሜ ማታ 4:50

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ክፍል ውስጥም አላገኘሁም። የሁለቱ የዲኤንኤ ፊደል አንድ ነው። የሚለየው አነባበቡ ነው። በምግቡ ምክንያት አንዳንዱ ዘረመል ይከፈታል፣ አንዳንዱ ይዘጋል። ዲኤንኤው ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ኬሚካሎች አሉ፣ የሚከፍቱና የሚዘጉት እነሱ ናቸው። በ2008 ተመራማሪዎች እነዚያን ኬሚካሎች የሚለጥፈውን ዘረመል በእጭ ላይ ቢያዳክሙት፣ አብዛኞቹ አውራ የሚመስሉ ሆነው አደጉ።


ዜማ_ተማሪ፣ ቅዳሜ ማታ 5:10

መምህር፣ ይሄማ የእኛ ምልክት ነው። ድጓ ላይ ቃሉ አንድ ነው። ከቃሉ በላይ የተጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው እንዴት እንደሚዜም የሚነግሩህ። ምልክቱ ከተፋቀ ቃሉ አለ፣ ዜማው ግን ይጠፋል።


ባዮሎጂ_መምህር፣ ቅዳሜ ማታ 5:18

ልክ ብለሃል። ከእንግዲህ እኔም በዚህ ነው የማስተምረው። ሳይንቲስቶቹ ያዩት እኮ ይሄንኑ ነው። በዕድሜ ምልክቶቹ ይፋቃሉ፣ ያለ ቦታቸውም ይጻፋሉ። የቆዳ ህዋስ የቆዳነቱን ዜማ ይዘነጋል። ስቲቭ ሆርቫት የሚባል ተመራማሪ በ2013 ዲኤንኤ ላይ 353 ቦታ ብቻ አይቶ የሰውን ዕድሜ በጥቂት ዓመት ስህተት የሚገምት ስሌት አወጣ። አንዳንዱ የሰውነት ክፍል ከሌላው ይልቅ አርጅቶ ይገኛል። የጣና ልጅ፣ አንድ ሰው ላይ ሁለት ዕድሜ ያልከው ሐቅ ነው።

የውሻህንም ልመልስ። አንድ ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን ትል አለች፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው የምትኖረው። በ1993 ሲንቲያ ኬንየን አንድ ዘረመል የተበላሸባት ትል ከእጥፍ በላይ እንደምትኖር አሳየች። ትሏ የምትኖረው ጤነኛ ሆና ነው፣ እየተንፏቀቀች አይደለም። ያ ዘረመል የእኛን የኢንሱሊንና የዕድገት ሆርሞን መልእክት ከሚቀበለው ጋር ዘመድ ነው። መልእክቱ "ምግብ አለ፣ እደግ፣ ውለድ" የሚል ነው። ሲበረታ ሰውነት ያድጋል፣ ጥገናው ይዘነጋል። ሲደክም ወደ ጥገና ይዞራል። ትልልቅ ዝርያ ውሾች ይሄ የዕድገት መልእክት ከትንንሾቹ ይበዛባቸዋል። ዕድሜያቸውም ያጥራል። ትልቅ ውሻ ለ12 ዓመት ከኖረ በደንብ ኖሯል።


ዓሣ_አጥኚ፣ እሑድ ጠዋት 2:30

ሌሊቱን አንብቤ ጨረስኩት። እኔ የዓሣ ነገር ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ከሐይቁ ልምጣ።

የዓሣ ዕድሜ የሚታወቀው በጆሮ ድንጋይ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጭ ድንጋይ አለች። ቀጭን አድርገህ ሞርደህ በማይክሮስኮፕ ስታያት እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አላት። መጀመሪያ የቀረሶ ጆሮ ድንጋይ በወረንጦ ሳወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስታጸዳት ታበራለች። አንድ ዓሣ የኖረውን ክረምትና በጋ ሁሉ እዚያ ላይ ጽፎ ነው የሚሞተው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ዚምባብዌና ሞዛምቢክ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ በሚፈጠር ኩሬ የምትኖር ትንሽ ዓሣ አለች፣ ኪሊፊሽ ትባላለች። ኩሬው ይደርቃል። ስለዚህ ከጭቃ ትፈለፈላለች፣ በሳምንታት ትጎለምሳለች፣ እንቁላሏን ጭቃው ውስጥ ትጥላለች። ያ እንቁላል ድርቁን ተኝቶ ያልፋል። ዓሣዋን ግን ቤተ ሙከራ ወስደህ ውሃ ሳይደርቅባት ብታኖራት እንኳ በአራት በስድስት ወሯ ታረጃለች። ቀለሟ ይጠፋል፣ ጀርባዋ ይጎብጣል። በሌላ በኩል ፓስፊክ ውቅያኖስ ጥልቅ ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ የኖረ ዓሣ ተገኝቷል። የግሪንላንድ ሻርክ ደግሞ ቢያንስ 272 ዓመት እንደሚደርስ በ2016 ተገምቷል። በምን እንዳወቁት ታውቃላችሁ? በዓይኑ ሌንስ መሃል ባለው ካርቦን። መምህር ትናንት ያሉት ነው፣ ከመወለድ በፊት ተሠርቶ የማይተካው ክፍል። ለአባትህ ችግር የሆነበት ነገር ለሻርኩ የልደት ወረቀት ሆነለት።

ለምን እንዲህ ተለያዩ? ኪሊፊሽ በሁለት ወር ኩሬዋ ሊደርቅ ይችላል። ለአሥር ዓመት የሚበቃ ጥገና ይዛ ብትወለድ ለከንቱ ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያለው ግን ገዳይ አይበዛበትም፣ ስለዚህ ጥገናው ይከፍለዋል።

ስለ ደሴትም አንድ ልበል። አሜሪካ ጆርጂያ ዳርቻ ሳፔሎ የምትባል ደሴት አለች። ስቲቨን ኦስታድ የሚባል ተመራማሪ እዚያ ኦፖሰም የሚባል ትንሽ እንስሳ አጠና፣ ሥራው በ1993 ወጣ። ደሴቷ ላይ አዳኝ አውሬ የለም። ከዋናው መሬት ከተለየች ጥቂት ሺህ ዓመት ነው። የደሴቱ እንስሳ ከዋናው መሬት ዘመዱ ቀስ ብሎ ያረጃል። ጅማቱ ሳይቀር ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ከዚያ በኋላ የጣናን ደሴቶች ከጀልባ ላይ ሳይ ሁልጊዜ ይሄ ነው የሚመጣብኝ።

የእኛንም አገር አትርሱ። ፀጉር አልባው ፍልፈል የምሥራቅ አፍሪካ፣ የኢትዮጵያም ፍጥረት ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ በ1842። ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችን መጥቶ የጣናን ነጭ አሳም የመዘገበ ሰው ነው። ይህ ፍልፈል የአይጥ ያህል ነው። ከመሬት በታች ስለሚኖር አሞራና ቀበሮ አይደርስበትም። ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል።


ዘጌ_ነኝ፣ እሑድ ጠዋት 3:45

የታንኳና የጀልባ ነገር ነዋ! ታንኳ ከደንገል ነው። አያቴ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ በአንድ ቀን ያስራት ነበር። ዘጌ ቡናና እንጨት ጭና ባሕር ዳር ትመጣለች። ከዚያ ከውሃ አውጥተህ አቁመህ ታደርቃታለህ። ቢሆንም ውሃ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፣ ከጥቂት ወር አታልፍም። ታንኳ የሚጠግን ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላ ያስራል። የእንጨት ጀልባ ግን ሲሰነጠቅ ይደፈናል፣ ይቀባል፣ ሳንቃው ይቀየራል። ምክንያቱም ብዙ ወጥቶበታል፣ ብዙም እንዲያገለግል ይጠበቃል። ኪሊፊሽ ታንኳ ናት፣ ሻርኩ ጀልባ።


ዓሣ_አጥኚ፣ እሑድ ጠዋት 3:58

እንዲህ ነው በቃ። ቶማስ ከርክውድ በ1977 ያቀረበው ሐሳብ ይሄው ነው። አካል የተወሰነ ጉልበት አለው። አንዱን ለጥገና፣ አንዱን ለመራባት ያካፍላል። ነገ የሚበላ እንስሳ ለጥገና ብዙ አያወጣም።


ጤና_ለሁሉ፣ እሑድ ቀን 6:20

እርጅና የሚመጣው በኦክስጅን ዝገት ነው ይባላል። እኔ ለዚህ ብዬ የቫይታሚን እንክብል በየቀኑ እወስዳለሁ። ለአባትህም ግዛለት።


ነርስ_እህታችሁ፣ እሑድ ቀን 7:00

ወንድሜ፣ ቅን አስበህ ነው፣ ግን እባክህ ተጠንቀቅ። የዝገቱ ሐሳብ የመጣው በ1956 ከዴንሃም ሃርማን ነው። ህዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ ሲሠሩ የሚያፈተልክ ጎጂ ነገር አለ፣ ይሄ እውነት ነው። መድኃኒቱ እንክብል ነው የሚለው ግን ሲፈተን አልሠራም። ፊንላንድ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሱ 29,000 ያህል ወንዶች ተጠኑ። ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 ከመቶ ጨመረ። ቀነሰ አላልኩም፣ ጨመረ። ውጤቱ የወጣው በ1994 ነው። ካሮት ብላ፣ ጎመን ብላ፣ ማንጎ ብላ። እንክብሉን ሐኪም ካላዘዘ ተወው።

የጣና ልጅ፣ አሁን ስለ አባትህ። አንገቱና ጀርባው የተለያየው በፀሐይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጨረሩ ይበረታል። ውሃውም ያንጸባርቃል። የፀሐይ ጨረር ቆዳን የሚወጥረውን ኮላጅን ይቆራርጣል። በ2012 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ፎቶ አለ፣ 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰውዬ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሽ ፊቱ ከሌላው በብዙ ዓመት ያረጀ ይመስላል። ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ለአባትህ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። አሁንም አልረፈደም።

ዓይኑን ደግሞ አስመርምረው። የንባብ መነጽር ብቻ ሊበቃው ይችላል። ግን በደንብ ይታይ። የዓይን ሞራም በዚህ ዕድሜ ይጀምራል፣ ፀሐይም ያፋጥነዋል። ስኳርም አብረህ አስለካ። ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፣ ደም ሥርም ሌንስም ያደርቃል። የሦስት ወር የስኳር ምርመራ የምንለው ራሱ ቀይ የደም ህዋስ ላይ የተጣበቀውን ስኳር መለካት ነው። የእኔን አባት በጊዜ ሳላስመረምረው ቀርቼ አንድ ዓይኑን አጥቷል። ለዚህ ነው የምጨቀጭቅህ።


ዜማ_ተማሪ፣ እሑድ ቀን 9:30

ስለ ጾም ማንም አላነሳም። እኛ በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ እንጾማለን። መነኮሳቱ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በደሴቶቹ ገዳማት ዕድሜ ጠግበው በእግራቸው ቅዳሴ የሚቆሙ አባቶች አይቻለሁ። ጾሙ ይሆን?


ባዮሎጂ_መምህር፣ እሑድ ከሰዓት 10:40

ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ የሚታወቀውን ብቻ ልንገርህ። በ1935 ክላይቭ ማኬይ የሚባል ሰው ምግባቸው የተቀነሰ አይጦች፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑ ሳይጎድልባቸው፣ ከጠገቡት በላይ እንደኖሩ አሳየ። በእርሾም፣ በዝንብም፣ በትልም ታየ። በጦጣ ሁለት ትልልቅ ጥናት ተደረገ፣ አንዱ ዕድሜ ጨመረ አለ፣ ሌላው አልጨመረም፣ ጤና ግን በሁለቱም ተሻሽሏል።

አሠራሩ ደስ ይላል። ምግብ ሲጎድል ህዋስ የራሱን ጥራጊ መብላት ይጀምራል። የተበላሸ ፕሮቲን፣ ያረጀ ማይቶኮንድሪያ ይሰበስብና ፈጭቶ መልሶ ይጠቀምበታል። የቤት ጽዳት ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይሄን በእርሾ ላይ ደርሶበት በ2016 ኖቤል አገኘ።

አባቶች ጾም ላይ ብቻ አይደሉም ግን። ይራመዳሉ፣ አይሰክሩም፣ አያጨሱም፣ ብቻቸውን አይደሉም። የትኛው እንደሠራ መለየት ከባድ ነው። ደግሞ በችግር መራብና መጾም አንድ አይደለም። ፕሮቲን ያጣ ሽማግሌ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ይወድቃል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ሳይነጋገር አይጹም። ጾም የሚጾመው ለነፍስ ነው፣ እኔ የዕድሜ ክኒን ላደርገው አልፈልግም።


ሙሉ_ቀን_ኦንላይን፣ እሑድ ማታ 1:15

ቴሌግራም ላይ እርጅና የሚመልስ ዱቄት ይሸጣል። የሞተ ህዋስ ያወጣል ይላሉ። አክስቴ 4,000 ብር ከፈለችበት። እውነት ነው?


ባዮሎጂ_መምህር፣ እሑድ ማታ 1:50

እህቴ፣ ወይም ወንድሜ፣ ለአክስትሽ አዝኛለሁ። እውነቱ ከስሩ ትንሽ አለ፣ ሻጮቹ የሚነግዱትም በዚያ ነው። ትናንት መከፈል ያቆመ ህዋስ አይሞትም ብዬ ነበር። ይቀመጣል። ዝም ብሎም አይቀመጥም፣ ብግነት የሚያስነሱ ነገሮች ወደ ጎረቤቱ ይረጫል። ጎረቤቱንም ያስረጃል። በ2011 እነዚህን ህዋሶች ከአይጥ አካል ሲያጸዱ የአይጦቹ ጡንቻና ዓይን ለረጅም ጊዜ ጤነኛ ሆነ። ያ የሆነው ግን ዘረመላቸው ለዚያ ተብሎ በተቀየረ አይጦች ነው። በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። በዱቄት የሚሸጥ የተረጋገጠ ነገር የለም።

ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ያለው መድኃኒት ራፓማይሲን ነው፣ እሱም በአይጥ። ከፋሲካ ደሴት አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ነው የተገኘው። በ2009 አይጦቹ 600 ቀን ከሞላቸው በኋላ፣ በሰው 60 ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ ተሰጣቸው። ሴቶቹ ወደ 14 ከመቶ፣ ወንዶቹ ወደ 9 ከመቶ ዕድሜ ጨመሩ። የሚሠራው ያንኑ "እደግ" የሚለውን መልእክት በማዳከም ነው። ይሁንና ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጥ፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ጤነኛ ሰው በራሱ የሚውጠው ነገር አይደለም። ቀሪውን ዱቄት አክስትሽ ትጣለው።


ንብ_አናቢ_ከመራዊ፣ እሑድ ማታ 2:25

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ቀፎ ውስጥ እጭ የምትመግበዋ ንብ ወጣት ትመስላለች። ወጥታ አበባ መቅሰም ስትጀምር ነው ቶሎ የምታረጀው። ጠባቂዎቹ ሲጎድሉ ቀሳሚዎቹ ተመልሰው ገብተው ሲመግቡ አይቻለሁ። እነዚያ እንደገና የሚበረቱ ይመስለኛል።


ባዮሎጂ_መምህር፣ እሑድ ማታ 2:40

አልተሳሳቱም ጋሼ። ተመራማሪዎች ቀሳሚ ንቦችን ሆን ብለው ወደ ምግብ ሥራ መልሰው ፈትነዋል። ከፊሎቹ የመማር ችሎታቸው ተመልሷል። እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን ነው እነሱ የለኩት።


የጣና_ልጅ፣ ረቡዕ ማታ 2:05

ይቅርታ ዘገየሁ። ነርስ እህቴ እንዳልሽው አደረግኩ። ሰኞ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ስኳሩ ደህና ነው። ግራ ዓይኑ ላይ ሞራ ገና ጀምሯል፣ በየስድስት ወሩ ይታይ ብለዋል። ለቅርብ 2.50 መነጽር አዘዙለት። ሰፊ ባርኔጣም ገዛሁለት፣ መጀመሪያ አልፈልግም ብሎ ነበር፣ ዛሬ አድርጎት ወጣ።

ስለ ሌንሱ ስነግረው፣ እናቱ ማህፀን ውስጥ የተሠራ ነው ስለው፣ ዝም አለ። አያቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። "እስካሁን በእሷ ነዋ የማየው" አለኝ።

ማታ መነጽሩን አድርጎ ቅዳሜ እኔ የጠገንኩትን መረብ ዘረጋው። አንድ በአንድ አየው። ሰባት ቋጠሮ ፈታብኝ። እንደገና ራሱ ቋጠራቸው፣ እኔ ክሩን እየያዝኩለት።